ማቅለሚያ ያለበትን ፍሳሽ ውሃ በአድሶርበንት ማጥራት፦ ከሙከራ ጠርሙስ እስከ ማጣሪያ ዓምድ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገና ከሰሉን ከመግዛቱ በፊት ነው። «አክቲቬትድ ካርቦን (ጥቃቅን ቀዳዳ የበዛበት ከሰል) ቀለም ይይዛል» ብሎ ይገዛል፣ በርሜል ውስጥ ይጨምራል፣ ያማስላል፤ ውሃው ግን ከሰዓታት በኋላም እንደቀላ ይቀራል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የከሰሉ አይደለም። የማቅለሚያው ቻርጅ (የኤሌክትሪክ ሙል)፣ የውሃው ፒኤች (የአሲድነት ልክ) እና የአድሶርበንቱ ገጽ አልተጣጣሙም፤ ወይም መጠኑ በግምት ተጨምሯል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከሙከራ ጠርሙስ ይጀምራል፤ ወደ በርሜልና ወደ ዓምድ የሚሄደው ቁጥሩ በእጃችሁ ከገባ በኋላ ነው።

አድሶርበንት ስንል ማቅለሚያውን በገጹና በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ላይ ለጥፎ የሚያስቀር ጠጣር ቁስ ነው። ማቅለሚያውን አያጠፋውም፤ ከውሃው ወደ ራሱ ያዛውረዋል። ያገለገለውን ቁስ የት እንደምታደርሱት ሳታውቁ ሥራውን አትጀምሩ።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልጉ

የፒኤች መለኪያ (ፒኤቻቸው 4፣ 7 እና 10 በሆኑ ባፈር በተባሉ ማስተካከያ ፈሳሾች የተስተካከለ)፣ እስከ 0.001 ግራም የሚያነብ ሚዛን፣ ክዳን ያላቸው 250 ሚሊ ሊትር ጠርሙሶች፣ መነቅነቂያ ወይም ማግኔቲክ ማማሰያ፣ ሴንትሪፊውጅ (በፍጥነት አሽከርክሮ ጠጣሩን ከውሃው የሚለይ)፣ ስፔክትሮፎቶሜትር (ውሃው የሚውጠውን ብርሃን የሚለካ)፣ የተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ፣ 0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ እና 0.1 ሞላር ካውስቲክ ሶዳ። ጓንት፣ መነጽር እና የአቧራ ጭንብል አይቀሩም፤ የካርቦን ዱቄት ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ አየር ላይ በብዛት ከቦነነ ደግሞ በእሳት ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል።

ደረጃ 1፦ የማቅለሚያውን ዓይነት ለዩ

የማሸጊያውን ጽሑፍ አንብቡ። «ቤዚክ» ወይም «ካቲዮኒክ» የተባለው ውሃ ውስጥ ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው፤ ሜቲሊን ብሉ እና ማላካይት ግሪን ከዚህ ወገን ናቸው። «አሲድ»፣ «ዳይሬክት» እና «ሪአክቲቭ» የተባሉት ኔጋቲቭ ናቸው። «ዲስፐርስ» እና «ቫት» ማቅለሚያዎች ግን ውሃ ውስጥ በደንብ አይሟሙም፤ ተንሳፋፊ ቅንጣት ናቸው። ቅንጣት የካርቦን ቀዳዳ ውስጥ አይገባም፤ በሩን ይደፍናል እንጂ። እነዚህን በመጀመሪያ በአሉሚኒየም ሰልፌት አጓጉሉና አዝቅጡ።

ጽሑፉ ከጠፋ ይህን ሞክሩ፦ 100 ሚሊ ሊትር ፍሳሽ ላይ 2 ግራም የቤንቶናይት ሸክላ ዱቄት ጨምሩ፣ 10 ደቂቃ ነቅንቁ፣ በሴንትሪፊውጅ ለዩ። ውሃው ጉልህ ከጠራና ሸክላው ከቀለመ ማቅለሚያው ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። የቤንቶናይት ገጽ ኔጋቲቭ በመሆኑ ኔጋቲቭ ማቅለሚያን ብዙም አይቀበልም።

ደረጃ 2፦ ፍሳሹን አዘጋጁ

1. ክሩንና ብናኙን ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ሜትር በሆነ ወንፊት አስቀሩ።

2. የተለያዩ ሰዓቶችን ፍሳሽ በአንድ ማጠራቀሚያ አቀላቅሉ። ጠዋት የወጣው የማቅለሚያ ውሃና ከሰዓት የወጣው የእጥበት ውሃ ጨርሶ የተለያዩ ናቸው፤ በአንዱ የተገኘ መጠን ለሌላው አይሠራም።

3. ትኩስ ከሆነ ወደ ክፍል ሙቀት እስኪጠጋ አቀዝቅዙ።

4. አሲድ ከመጨመራችሁ በፊት ሁለት ነገር አረጋግጡ። ፍሳሹ የሰልፈር ማቅለሚያ ወይም ሶዲየም ሰልፋይድ ካለበት አሲድ ሲነካው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጋዝ ይወጣል፤ ይህ ጋዝ ሰው ይገድላል፣ ሲበዛም አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ ሽታው አያስጠነቅቅም። የማንጫ በረኪና (ሃይፖክሎራይት) ካለበት ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ከሁለቱ አንዱ ካለ አሲድ አትጨምሩ፤ ያንን ፍሳሽ ከምንጩ ለይታችሁ ለብቻው አክሙት።

5. ፒኤቹን በቀስታ አስተካክሉ። የሪአክቲቭ ማቅለሚያ ፍሳሽ ብዙ ጊዜ ከ10 በላይ ይሆናል፤ በውስጡ ሶዳ አሽ ስላለ አሲድ ሲገባበት አረፋ እያነሳ ይገነፍላል። የበርሜሉን አንድ ሦስተኛ ባዶ ተዉ። የተከማቸ አሲድ ስታቀጥኑ ሁልጊዜ አሲዱን ወደ ውሃው ጨምሩ፤ ውሃውን ወደ አሲዱ ፈጽሞ አታድርጉ።

6. ደፍራሽ ወይም ዲስፐርስ ያለበት ከሆነ፦ ፒኤቹን ከ6 እስከ 7.5 አድርጉ፣ በየአንድ ሊትሩ ናሙና 100፣ 200፣ 300፣ 400 እና 500 ሚሊ ግራም አሉሚኒየም ሰልፌት ሞክሩ፣ 1 ደቂቃ በፍጥነት፣ 15 ደቂቃ በቀስታ አማስሉ፣ ለ1 ሰዓት አስቀምጡ። ከላይ ጥርት ያለ ውሃ የሰጠውን ዝቅተኛ መጠን ውሰዱ።

ደረጃ 3፦ አድሶርበንቱን ምረጡና አዘጋጁ

አክቲቬትድ ካርቦን ሁለቱንም ዓይነት ማቅለሚያ ይይዛል፤ ድብልቅ ፍሳሽ ካላችሁ ከእሱ ጀምሩ። ግን ቀዳዳው ወሳኝ ነው፦ ሪአክቲቭና ዳይሬክት ማቅለሚያዎች ትልልቅ ሞለኪውሎች ስለሆኑ ከ2 እስከ 50 ናኖ ሜትር የሆነ መካከለኛ ቀዳዳ የበዛበት ካርቦን ይሻላቸዋል። ለጋዝ ማጣሪያ የተሠራ፣ ገጹ በግራም ከ1000 ካሬ ሜትር በላይ የተባለለት ካርቦን ለእነሱ ሊያሳፍር ይችላል፤ ገጹ አለ፣ በሩ ግን ጠባብ ነው።

ቤንቶናይት ለፖዘቲቭ ማቅለሚያ ብርቱ ነው። ውሃ ሲነካው ያብጣል፤ ዓምድ ውስጥ ከሞላችሁት ይዘጋል። በበርሜል ብቻ ተጠቀሙበት።

ካይቶሳን (ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት የሚሠራ ቁስ) ለኔጋቲቭ ማቅለሚያ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በኬሚካል ያልተጠናከረው ዓይነት አሲዳማ ውሃ ውስጥ ይሟሟል።

ጥሬ የእንጨት ሰጋቱራና የእህል ገለባ ርካሽ ናቸው። ካልታጠቡ ግን የራሳቸውን ቡናማ ቀለም ወደ ውሃው ይለቃሉ።

የትኛውንም ብትመርጡ፦ የእጥበቱ ውሃ ጥርት እስኪል ድረስ በተጣራ ውሃ እጠቡ፣ በ105 ዲግሪ ሴልሺየስ ሌሊቱን አድርቁ፣ በወንፊት ለዩ፣ አየር በማያስገባ ዕቃ አስቀምጡ። እርጥበት የያዘ ካርቦን ስትመዝኑ ውሃውንም አብራችሁ ትመዝናላችሁ፤ ውጤቱ በየቀኑ የሚለያይበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ካርቦኑን ራሳችሁ ከሠራችሁ

100 ግራም የደረቀና እስከ 1 ሚሊ ሜትር የተፈጨ የእንጨት ሰጋቱራ ላይ 70 ሚሊ ሊትር ገደማ 85 በመቶ ፎስፎሪክ አሲድ (በክብደት 1 ለ1 የሚሆን) አፍስሱ፣ በእኩል እንዲርስ ከመጨመራችሁ በፊት አሲዱን በውሃ አቅጥኑት። 24 ሰዓት ተዉት፣ በ110 ዲግሪ አድርቁ፣ ክዳን ባለው የሸክላ ክሩሲብል (ከፍተኛ ሙቀት የሚችል ዕቃ) ከ450 እስከ 500 ዲግሪ ለ1 ሰዓት አቃጥሉ። የብረት ዕቃ አትጠቀሙ፤ አሲዱ ይበላዋል። ሥራው ጭስ የሚስብ ቦታ ላይ ይሁን።

የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው። ክዳኑ አየር ካስገባ ከሰሉ ነዶ አመድ ይሆናል። እጥበቱ ካነሰ ደግሞ የቀረው አሲድ የፍሳሹን ፒኤች ያወርዳል። በሙቅ ውሃ እጠቡ፤ የሚወጣው ውሃ ፒኤች ከ6 እስከ 7 ሳይደርስ አታቁሙ።

ደረጃ 4፦ የገጹን ዜሮ ነጥብ ፈልጉ

ይህን ደረጃ ብዙዎች ይዘሉታል፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ስህተት ግማሹ ከዚህ ይመነጫል። እያንዳንዱ አድሶርበንት ገጹ ፖዘቲቭም ኔጋቲቭም የማይሆንበት አንድ ፒኤች አለው። ከዚያ በታች ገጹ ፖዘቲቭ፣ ከዚያ በላይ ኔጋቲቭ ነው።

1. 0.58 ግራም የገበታ ጨው ያልሆነ ንጹሕ ሶዲየም ክሎራይድ በ1 ሊትር ውሃ አሟሙ (0.01 ሞላር)። ውሃው ቀድሞ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፤ የሟሟ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፒኤቹን ያዛባል።

2. በ6 ጠርሙስ 50 ሚሊ ሊትር አድርጉ፤ ፒኤቻቸውን 2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 10 እና 12 አድርጉና መዝግቡ።

3. በእያንዳንዱ 0.15 ግራም አድሶርበንት ጨምሩ፣ ክደኑ፣ 24 ሰዓት ነቅንቁ።

4. የመጨረሻውን ፒኤች ለኩ። መነሻውን በአግድም፣ መጨረሻውን በቋሚ አድርጋችሁ ግራፍ ሥሩ። መነሻና መጨረሻ እኩል የሆኑበት ቦታ ዜሮ ነጥቡ ነው።

ነጥቡ 6.5 ወጣ እንበል። ሪአክቲቭ ማቅለሚያ ያለበትን ፍሳሽ በፒኤች 11 ካስገባችሁበት ገጹም ማቅለሚያውም ኔጋቲቭ ሆነው ይገፋፋሉ። ወደ 4 ወይም 5 አውርዱት። ቤዚክ ማቅለሚያ ከሆነ በተቃራኒው ወደ 8 ከፍ አድርጉ። ካርቦኑ አመድ ካለበት ፒኤቹን መልሶ ሊያወጣው ይችላልና ከጨመራችሁ ከ30 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ።

ደረጃ 5፦ የመለኪያ መስመር ሥሩ

አንድ የሚታወቅ ማቅለሚያ ላይ ከሆናችሁ 1.000 ግራም መዝናችሁ 1 ሊትር አድርጉ፤ ይህ 1000 ሚሊ ግራም በሊትር ነው። ከእሱ 1፣ 2፣ 3፣ 4 እና 5 ሚሊ ግራም በሊትር አቅጥኑ። ሜቲሊን ብሉን በ664 ናኖ ሜትር፣ ሜቲል ኦሬንጅን በ464፣ ኮንጎ ሬድን በ497 አንብቡ። የመሣሪያው ንባብ ከ1 በላይ ከሆነ ናሙናውን አቅጥኑ፤ ሜቲሊን ብሉ ሲበዛ ሞለኪውሎቹ ጥንድ እየሆኑ መስመሩን ያጎብጡታል።

ለድብልቅ ፍሳሽ አንድ የሞገድ ርዝመት አይበቃም። በ436፣ በ525 እና በ620 ናኖ ሜትር አንብባችሁ ሦስቱንም መዝግቡ።

ስፔክትሮፎቶሜትር ከሌላችሁ ያልታከመውን ፍሳሽ 50፣ 25፣ 10፣ 5 እና 2 በመቶ አድርጋችሁ በአንድ ዓይነት የመስታወት ቱቦዎች ሙሉ። ነጭ ወረቀት ከኋላ አድርጋችሁ የታከመውን ከእነሱ ጋር አስተያዩ። ለውሳኔ ይበቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ ቀለም ተለወጠ ማለት ማቅለሚያው ተወገደ ማለት አይደለም። ኮንጎ ሬድ አሲድ ውስጥ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ሜቲል ኦሬንጅ አሲድ ውስጥ ይቀላል። ማላካይት ግሪን ደግሞ ካውስቲክ ሶዳ ውስጥ ራሱ ይነጣል። ስለዚህ መስመሩን የምትሠሩበት ፒኤችና ናሙናውን የምታነቡበት ፒኤች አንድ ይሁን።

ደረጃ 6፦ የመጠን ሙከራ

1. በ6 ጠርሙስ 100 ሚሊ ሊትር ፒኤቹ የተስተካከለ ፍሳሽ አድርጉ።

2. 0፣ 0.05፣ 0.1፣ 0.2፣ 0.5 እና 1 ግራም አድሶርበንት ጨምሩ። ይህ በሊትር ከ0 እስከ 10 ግራም ነው። ዜሮው ጠርሙስ የግድ ነው፤ ማቅለሚያው በጠርሙሱ ላይ ተለጥፎ ወይም በፒኤቹ ነጥቶ ከሆነ እሱ ያጋልጠዋል።

3. አንድ ተጨማሪ ጠርሙስ በንጹሕ ውሃና በ1 ግራም አድሶርበንት አዘጋጁ። ይህ አድሶርበንቱ የራሱን ቀለም ይለቅ እንደሆነ ያሳያል።

4. ሁሉንም በአንድ ፍጥነት (በደቂቃ 150 ዙር ገደማ) እና በአንድ ሙቀት ነቅንቁ፤ ለዱቄት 2 ሰዓት ለመጀመሪያ ይበቃል።

5. በሴንትሪፊውጅ በ4000 ዙር ለ10 ደቂቃ ለዩና አንብቡ።

በማጣሪያ ወረቀት ለመለየት አትቸኩሉ። ሜቲሊን ብሉን የመሰሉ ፖዘቲቭ ማቅለሚያዎች በሴሉሎስ ወረቀት ላይ ይለጠፋሉ፤ ካርቦኑ ያልሠራውን ወረቀቱ ይሠራላችኋል፣ ሪፖርታችሁም ያማረ ውሸት ይሆናል። ማጣሪያ ብቻ ካላችሁ ክምችቱ የሚታወቅ የማቅለሚያ ውሃ አሳልፉበት፤ ከማለፉ በፊትና በኋላ ያለው ንባብ እኩል እስኪሆን መጀመሪያ የሚያልፈውን ውሃ ድፉ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከመነሻው ክምችት የቀረውን ቀንሱ፣ በሊትር ባለው የውሃ መጠን አባዙ፣ በአድሶርበንቱ ግራም አካፍሉ። ምሳሌ፦ መነሻው 100፣ የቀረው 10 ሚሊ ግራም በሊትር፣ ውሃው 0.1 ሊትር፣ አድሶርበንቱ 0.2 ግራም ከሆነ፣ 90 ሲባዛ በ0.1 ሲካፈል ለ0.2፣ 45 ሚሊ ግራም በግራም ይሆናል። የተወገደው 90 በመቶ ነው። ሁለቱንም ቁጥር ጻፉ። መጠን በጨመራችሁ ቁጥር በመቶው ይወጣል፣ በግራም የሚያዘው ግን ይወርዳል፤ በመቶውን ብቻ የሚያይ ሰው ከሰል ያባክናል።

ከዚህ በኋላ በመረጣችሁት መጠን በ10፣ 20፣ 30፣ 60፣ 120 እና 240 ደቂቃ እንዲሁም በ24 ሰዓት ናሙና ውሰዱ። ለውጡ የቆመበት ጊዜ የማማሰያ ጊዜያችሁ ነው። ጥራጥሬ ካርቦን ከዱቄቱ እጅግ ይዘገያል፤ በ2 ሰዓት ውጤቱ ደካማ ነው ብላችሁ አትጣሉት፣ ፈጭታችሁ ድገሙት።

ደረጃ 7፦ ወደ በርሜል ውሰዱት

በሙከራው 2 ግራም በሊትር ካስፈለገ ለ1000 ሊትር 2 ኪሎ ነው። ፍሳሹ ስለሚለዋወጥ ከ10 እስከ 20 በመቶ ጨምሩበት። ዱቄቱን በደረቁ አትበትኑ፤ በባልዲ ውሃ ለውሱና አፍስሱ። አቧራውም ይቀራል፣ ተንሳፎ የሚቀር ጓልም አይኖርም።

የሚቻላችሁ ከሆነ መጠኑን ለሁለት ክፈሉ፦ ግማሹን ጨምሩ፣ አማስሉ፣ አዝቅጡ፣ ውሃውን ወደ ሌላ በርሜል አሳልፉ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ግማሽ ጨምሩ። የሚያዘው ከክምችቱ ጋር በቀጥታ የሚጨምር ቢሆን፣ በአንድ ጊዜ ተጨምሮ 10 በመቶ ቀለም የሚያስቀር መጠን ለሁለት ሲከፈል 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ያስቀራል። ተጨማሪ ከሰል ሳትገዙ የምታገኙት ትርፍ ነው።

ዱቄቱ አልዘቅጥ ካለ ጥቂት አሉሚኒየም ሰልፌት ጨምራችሁ በቀስታ አማስሉ፤ ከዚያም በአሸዋ አጣሩ።

ደረጃ 8፦ ያለማቋረጥ ለሚፈስ ውሃ ዓምድ ሥሩ

ከ0.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ጥራጥሬ ካርቦን ተጠቀሙ። በሰዓት 100 ሊትር የሚፈስ ከሆነና ውሃው ካርቦኑ ካለበት ቦታ ጋር 20 ደቂቃ እንዲቆይ ከፈለጋችሁ፣ 100 በ20 ተባዝቶ ለ60 ሲካፈል 33 ሊትር ካርቦን ያስፈልጋል፤ ክብደቱ ወደ 16 ኪሎ ነው። ውስጡ 20 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቱቦ 1.06 ሜትር ከፍታ ይይዛል። ከታች ወደ ላይ ስታጥቡት ስለሚያብጥ ቱቦው 1.6 ሜትር ይሁን።

1. ከታች የብረት ወንፊት፣ በላዩ 10 ሴንቲ ሜትር ጠጠር አድርጉ።

2. ካርቦኑን 24 ሰዓት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉ። ቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለው አየር ካልወጣ ውሃው ዙሪያውን እየሾለከ ያልፋል።

3. ዓምዱን እስከ ግማሽ ውሃ ሙሉ፣ ካርቦኑን እርጥቡን አፍስሱ። ምንጊዜም ከውሃው በታች ይሁን።

4. የእጥበት ውሃው ከጥቁር ወደ ጥርት እስኪለወጥ ከታች ወደ ላይ እጠቡ።

5. ፍሳሹን ከላይ ወደ ታች ልቀቁ፤ መውጫውን ቱቦ ከካርቦኑ አናት ከፍ አድርጋችሁ ቆልምሙት፣ ፓምፑ ሲቆም ዓምዱ እንዳይደርቅ።

6. በሩብ፣ በግማሽና በሦስት ሩብ ከፍታ የናሙና ቧንቧ ግጠሙ። ቀለሙ የት እንደደረሰ ቀድማችሁ ታያላችሁ።

የሚወጣው ቀለም ከመግቢያው 5 ወይም 10 በመቶ ሲደርስ ቀይሩ። ሁለት ዓምድ በተከታታይ ብታደርጉ የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ እስኪጠግብ መጠቀም ትችላላችሁ፤ ሁለተኛው ይጠብቃችኋል። ከዚያ ሁለተኛውን ወደ ፊት አምጡና አዲሱን ከኋላ አስገቡ።

ታንከር ወይም ትልቅ ዓምድ ውስጥ ለጽዳት አትግቡ። እርጥብ አክቲቬትድ ካርቦን የአየሩን ኦክስጅን ይመጥጣል፤ ሽታ የለውም፣ የገባ ሰው ሳያውቀው ይወድቃል። የኦክስጅን መለኪያ፣ የአየር መንፊያና ውጭ የሚጠብቅ ሰው ሳይኖር አንድም እግር አይግባ።

ውጤት ሲበላሽ

ቀለሙ ጨርሶ ካልቀነሰ ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ፤ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ፒኤች ነው። ፒኤቹ ልክ ከሆነ የሳሙናና የማለስለሻ ኬሚካል ቅሪትን ጠርጥሩ፤ ቦታ ይሻማሉ። የእጥበቱን ውሃ ለይታችሁ ሙከራውን ድገሙ።

መጀመሪያ ቀንሶ በኋላ መልሶ ከጨመረ ፒኤቹ በመሃል ተንሸራቷል፣ ወይም አድሶርበንቱ የራሱን ቀለም እየለቀቀ ነው። የንጹሕ ውሃውን ጠርሙስ ተመልከቱ።

በሰው ሠራሽ የማቅለሚያ ውሃ ጥሩ ሆኖ በእውነተኛው ፍሳሽ ከወደቀ አትደነቁ። ጨው ቤንቶናይትንና ሰጋቱራን በፖዘቲቭ ማቅለሚያ ላይ ያዳክማቸዋል፤ በካርቦንና በሪአክቲቭ ማቅለሚያ መካከል ግን ብዙ ጊዜ ያግዛል። የምታምኑት በራሳችሁ ፍሳሽ የተገኘውን ቁጥር ብቻ ይሁን።

ዓምዱ በጥቂት ሰዓት ቀለም ካሳለፈ ፍሰቱን በግማሽ ቀንሱ። ከተሻሻለ የመቆያ ጊዜው አጥሮ ነበር። ካልተሻሻለ ውሃው በግድግዳው በኩል መንገድ አበጅቷል፤ ከታች እጠቡና ካርቦኑን እንደገና አስተኙ።

ውሃው ጠርቶም ቢሆን ጨውና ፒኤች እንዳሉ ናቸው፤ ካርቦን ጨው አያወጣም። ከመልቀቃችሁ በፊት ፒኤቹን፣ ጨዉንና የኦክስጅን ፍላጎቱን (በውስጡ የቀረው ቆሻሻ የሚፈጀውን ኦክስጅን) አስለኩ።

ያገለገለውን ቁስ

ጨምቁት፣ በተከደነ ዕቃ አስቀምጡት፣ የማቅለሚያውን ስምና ቀኑን ጻፉበት። መሬት ላይ አትድፉት፤ ፒኤቹ የተለየ ዝናብ ሲያገኘው የያዘውን ይለቃል። ሜዳ ላይም አታቃጥሉት፤ አንዳንድ ማቅለሚያዎች መዳብ ወይም ክሮም አላቸው፣ ክሎሪን ያለባቸውም አሉ።

መልሳችሁ ለመጠቀም ከፈለጋችሁ ሜቲሊን ብሉን በትንሽ አሲድ ባለው ኤታኖል፣ ኔጋቲቭ ማቅለሚያን በ0.1 ሞላር ካውስቲክ ሶዳ እጠቡ። ከእያንዳንዱ እጥበት በኋላ የደረጃ 6ን ሙከራ በአንድ መጠን ብቻ ድገሙ፤ በግራም የሚያዘው ከአዲሱ ግማሽ በታች ሲወርድ አቁሙ። የታጠበበት ፈሳሽ ማቅለሚያውን ሁሉ ጨምቆ የያዘ ስለሆነ ከፍሳሹ ጋር አትቀላቅሉት፤ ከጠገበው ካርቦን ጋር አደገኛ ቆሻሻ ለሚያስወግድ ፈቃድ ላለው አካል ይሰጥ።